ከእናቶቹ ጋር የተቀመጥኩ አባት

ልቤን ያመመኝ የመሰለኝ ነገር የጀመረኝ ዕለት የልጄን ሱሪ እያጠብኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። ሚስቴ መሠረት ሥራ ላይ ናት። ስድስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ልጃችን ናቲ ሱሪው ላይ ስለተጸዳዳ፣ ሳፋ ቧንቧው ሥር አስቀምጬ እፈትጋለሁ። ድንገት ከግቢው በር ውጪ የአይሱዙ ጡሩምባ ተነፋ፤ ቀጥሎም ቦሩ ስሜን ጠራ። ቦሩ ከእኔ ጋር በአንድ መስመር ለዓመታት የነዳ ሾፌር ነው። ሳፋውን ከነቆሻሻው አንስቼ ወጥ ቤት ውስጥ ደበቅኩና፣ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠራርጌ በሩን ከፈትኩለት። ከሞያሌ ጭኖ ሲመለስ ሰላም ሊለኝ ነው የቆመው። "አካም፣ ናጋ?" ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን እየጠየቀ እጁን ዘረጋልኝ። እጄ ይሸተው ይሆን እያልኩ ጨበጥኩት። ግባና ሻይ ጠጣ እንኳን አላልኩትም።

እሱ ሄዶ በሩን ስዘጋው ልቤ መደለቅ ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ከንፈሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ፤ አየር አጠረኝ። ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መሞቴ ነው አልኩ። እንደዚያ ሆኜ ያሰብኩት ግን ልጄን አልነበረም። ሰው ለለቅሶ ሲመጣ ወጥ ቤት ገብቶ ሳፋውን ያየዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። የምጽፈው ግን በነገሌም ሆነ በያቤሎ ወይም በሜጋ፣ እንደኔ ሳፋ የሚደብቅ ሌላ አባት እንዳለ ስለማውቅ ነው። እሱ ይህን ቢያነብ እኔ የተንከራተትኩትን ያህል ላይንከራተት ይችላል።

አባቴ ወታደር ሆኖ ነገሌ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ተወለድኩ። ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች፣ መንዳትን ከጋራዥ ተማርኩ። ከነገሌ ያቤሎ፣ ከያቤሎ ሜጋ፣ ከሜጋ ሞያሌ ጭኜ የማላውቀው ዕቃ የለም። መሠረት ባንክ ነው የምትሠራው። ናቲ ሲወለድ በጣም ደስ ብሎን ነበር። ዓመት ከምናምኑ ላይ "አባ" ይል ነበር፣ "ውሃ" ይል ነበር፣ ባጃጅ ሲያይ "ጃጅ" ይል ነበር። ሁለት ዓመቱን ካለፈ በኋላ ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ስሙን ብንጠራው አይዞርም፤ የብስኩት ፌስታል ከተንኮሻኮሸ ግን ከሌላ ክፍል ሮጦ ይመጣል። ውሃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ይጎትትና ጆጉ ላይ ያስቀምጠዋል። ነጭ ካልሆነ አይበላም፤ ሩዝ፣ ፓስታ ያለ ስጎ፣ የዳቦ ውስጡን። ወፍጮ ቤት አጠገብ ስናልፍ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይወድቃል። ሲከፋውም ሲደሰትም ጉንጩን ሲሚንቶ ላይ አድርጎ ይተኛል።

ዘመድ "ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል" ብሎ አጽናናን። ጸበል ወሰድነው፤ ውሃው ፊቱ ላይ ሲፈስ እስኪዝል ጮኸና ካህኑ ራሳቸው በቃ፣ አታስጨንቁት አሉን። አንድ ክሊኒክ ምላሱ ታስሯል አለን፤ ሌላው ጆሮውን አጥቦ ላከን። በመጨረሻ ሐዋሳ አንድ የሕፃናት ሐኪም ጋ ደረስን። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየውና ኦቲዝም እንደሆነ ነገረን። የልጁ አእምሮ ድምፁንም፣ ብርሃኑንም፣ ሰውንም የሚቀበልበት መንገድ ከሌላው ልጅ የተለየ ነው፤ አብሮት የተፈጠረ እንጂ በእናንተ ጥፋት የመጣ አይደለም አለን። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ ትምህርትና ትዕግስት ግን ብዙ ይለውጠዋል አለን።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ መሠረት ናቲን አቅፋ መስኮቱን ስታይ ቆየችና "ለሰው ምንድን ነው የምንለው?" አለችኝ።

"ጆሮው ትንሽ ይደክማል እንበላ" አልኳት።

እንዲሁ አልን። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ናቲን ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር መጮህ ጀመረ። በተለይ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ልጁን ይወዱታል፤ ስለሚወዱትም ከሁሉ አብልጠው ነው የሚጮሁበት። ናቲ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከጩኸት በላይ የሚጠላው ነገር የለም። እሳቸው "ናቲዬ!" ሲሉ እሱ ጭንቅላቱን በእጁ ይመታል። እኔ ቆሜ አያለሁ። ይሰማል ብል ለምን እንዳልተናገረ ይጠይቁኛል ብዬ ዝም እላለሁ።

የቤት ሠራተኛ ሁሉ ትቶን ሄደ። አንዷ ልጁ ያስፈራኛል ብላ በሳምንቷ ወጣች። ኬጂ አስገባነው፤ ሌሎቹን ልጆች ይረብሻል ተብሎ ተመለሰ። ከእኔና ከመሠረት አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። የእሷ ደመወዝ በየወሩ የሚገባ ነው፤ የእኔ መኪና ደግሞ የእኔ አይደለም፣ የባለሀብት ነው። ሲሰላ እኔ ነኝ የምቀረው። ባለመኪናው ቁልፉን ተቀብሎኝ በነጋታው ለሌላ ሾፌር ሰጠ። መንገድ ላይ ለሚያገኘኝ ሁሉ ለጊዜው ወገቤን አሞኝ ነው እያልኩ ቤት ዋልኩ። ያ ለጊዜው የተባለው ዓመት አለፈው።

የሳፋው ቀን ሕመም ዳግመኛ መጣ፤ ደጋግሞም መጣ። በተለይ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት እሱን መጠበቅ ያዝኩ። መፍራቴ ራሱ የሚጠራው ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ገበያው አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልኩ፤ የታዘዘልኝን ጨርሼ ዋጥኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላው ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬና ቡና ከለከለኝ። ሦስተኛው ነርቭ ነው አለና የቫይታሚን መርፌ አዘዘ። በየሄድኩበት ናቲ አብሮኝ ነው፤ የማስቀምጥበት ሰው የለኝም። የመጠበቂያው ክፍል ጣራ ላይ ማራገቢያው ሲንጓጓ ናቲ ይጮሃል። ሰው ሁሉ ይዞራል። አንዷ እናት ልጇን ወደ ራሷ ትስባለች። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፦ "እናቱ የት ናት?"

መጀመሪያ መጀመሪያ ሥራ ላይ ናት እል ነበር። ሴት ሥራ ላይ ሆና ወንድ ቤት የዋለበትን ምክንያት የሚጠይቅ ዓይን ሲከተለኝ፣ ታማ ተኝታለች ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ለቅሶ ሄዳለች ብያለሁ። አልቃሻ ሕፃን የያዘ ሰው ልጁ ሲጮህ አያፍርም፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት የሚሞላው ልጅ እንደ አራስ እያባበልኩ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ብቻ የተለየ ሰው ገጠመኝ። ናቲ መሬት ወርዶ ጉንጩን ሲሚንቶው ላይ ሲያደርግ፣ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከራሱ ሥር አደረጉለት። ናቲ ጋቢውን ገፍቶ ወደ ሲሚንቶው ተመለሰ። የሚቆጡ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሳቅ አሉና በኦሮምኛ "ተወው፣ ቅዝቃዜው ነው የሚጥመው" አሉኝ። ጋቢያቸውን አራግፈው መልሰው ለበሱ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ስማቸውን እንኳን አላውቅም።

ነገሌ ውስጥ ያልገባሁበት ክሊኒክ ሲጠፋ፣ ሰውም ምን ሆኖ ነው ማለት ሲጀምር፣ የማያውቀኝ ሐኪም ይሻለኛል ብዬ ያቤሎ ሄድኩ። መሠረት ፈቃድ ወስዳ ከናቲ ጋር ቀረች። ከእሷም ጋር ቢሆን በግልጽ አልተነጋገርንም፤ እኔ ልቤ ነው ብያታለሁ፤ እሷም ልብ መሆኑን አምና ፊቷ ከስቷል።

ያቤሎ የመረመሩኝ ጎልማሳ ሐኪም ነበሩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልቤ ምት ተነሣ፤ ደሜ ታየ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው "ልብህ ጤነኛ ነው" አሉኝ። ቀጥለው ሥራዬን ጠየቁኝ። ሾፌር ነኝ አልኩ። በቅርቡ ወዴት ነዳህ? አሉኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ሜጋ ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጠረጴዛውን እያየሁ፣ ለማንም ሰው ያልተነፈስኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጁን፣ ሱሪውን፣ ወገቤን አሞኛል ማለቴን።

የያዘህ ከጭንቀት የሚመጣ ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም ነው አሉኝ። ሰውነት የሌለ አደጋ ያየ ይመስለውና ልብን ያስሮጣል፣ ትንፋሽን ያፈጥናል፤ ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘውም ከትንፋሹ መፍጠን ነው። አይገድልም፤ ግን የሚገድል ይመስላል። ሲመጣ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ እየሳብኩ፣ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብዬ እንዳስወጣ አሳዩኝ።

መደሰት ነበረብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልብ ለሰው የሚነገር በሽታ ነው። ጨነቀኝ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ወንድ ለማን ይነገራል?

ልወጣ ስነሳ ሐኪሙ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገሌ ስላቸው ገረማቸው። እዚያው ከተማችሁ የእንዲህ ያሉ ልጆች እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ልጇን ይዛ መጥታ ነግራኛለች አሉኝ። የሚሰበሰቡት አዴ ፋጡማ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ነው፤ አዴ በእኛ አገር እናት እንደማለት ነው። አዴ ፋጡማን የማያውቅ የነገሌ ሰው የለም። ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን ግቢ አጥር ታክኬ ዕድሜ ልኬን ተመላልሻለሁ። እኔ ደግሞ ከከተማው ሰው ለመሸሽ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የተጓዝኩት።

ለመሠረት ነገርኳት። ልብ አለመሆኑን ስትሰማ አለቀሰች። ስለ እናቶቹ ሳነሳ ግን ፊቷ ተዘጋ።

"እኔ መስኮት ላይ ነው የምውለው ደረጀ። የከተማው ሰው ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ቅዳሜ ፊታቸው አልቅሼ ሰኞ እንዴት አድርጌ ገንዘብ እቆጥርላቸዋለሁ?"

"እኔስ እንዴት እሄዳለሁ? እናቶች ናቸው እኮ።"

"እንግዲያው ይቅር" አለች።

ሊቀር ነበር። ግን ሕመሙ አልቀረም። አንድ ቀን ናቲን ይዤ አዴ ፋጡማ ሱቅ ገባሁ። ሌሎች ገዢዎች ስለነበሩ መናገር አቃተኝና የማያስፈልገኝን የመጋረጃ ጨርቅ አስቀድጄ ወጣሁ። በሌላ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። አዴ ፋጡማ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ አዩኝና መጋረጃው አልበቃም እንዴ አሉኝ። ናቲ በዚያች ቅጽበት አንድ ጣቃ ጨርቅ ላይ ጉንጩን አድርጎ ተኝቶ ነበር። እሳቸው እሱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እናቱ ቅዳሜ ትምጣ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እናቱ አትመጣም። አንቱ ከፈቀዱልኝ እኔ ልምጣ?"

አዴ ፋጡማ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉ። አባት መጥቶ እንደማያውቅ፣ ውስጥ ያሉት ሴቶች እንደሆኑና የሚያወሩትም የሴት ወሬ እንደሆነ ነገሩኝ። በመጨረሻ ልጁን ይዤ እንድመጣ፣ እኔ ግን ግቢው ውስጥ እንድቀመጥ ፈቀዱ።

እንዲህ ሆኖ የቅዳሜ ጠባቂ ሆንኩ። እናቶቹ ቤት ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከልጆቹ ጋር ውጪ። ከልጆቹ መሃል የአዴ ፋጡማ ልጅ አብዱ ሰው ያከለ ወጣት ነው፤ አይናገርም፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ሲለይ ይውላል። እናቱን ዕድሜ ልኬን አውቃቸዋለሁ፤ እሱን ግን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ናቲ ሱሪውን አውልቆ ግቢው መሃል ተጸዳዳ። ምድር ብትውጠኝ ብዬ ቆምኩ። ውሃ ልትቀዳ የወጣች አንዲት እናት አየችና ጀሪካኑን እግሬ ሥር አስቀምጣልኝ፣ ሳሙናው እዚያ ነው ብላ በአገጯ አሳይታኝ ገባች። አፍንጫዋን አልያዘችም፤ ለሌሎቹም አልነገረችም። ከውስጥ የሚሰማኝ ሳቅ ነበር። ለቅሶ ነበር የጠበቅኩት።

ከሳምንታት በኋላ አንደኛዋ እናት፣ ዲራሜ የምትባለው፣ በኦሮምኛ ስትናገር በመጋረጃው በኩል ሰማኋት። ስሜን ሰምታ ኦሮምኛ የማልሰማ መስሏታል። ወንድ ደጅ ተቀምጦ እንዴት የባሌን ነገር አወራለሁ አለች። ልክ ነበረች። ወንበሬን አንስቼ የግቢው በር ድረስ አራቅኩት፤ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እዚያ ሆንኩ።

በሩ አጠገብ መቀመጤ ነው ያጋለጠኝ። አንድ ቅዳሜ የአዴ ፋጡማን ዕቃ የጫነ መኪና ደጅ ቆመ። በሩ ሲከፈት ጣቃ ጨርቅ የተሸከመው ቦሩ ነው። እኔ የአንዷን ሕፃን ንፍጥ እየጠረግሁ ነበር። "ደረጀ?" አለ። ልቤ መደለቅ ጀመረ። ሐኪሙ ያሳዩኝን ትንፋሽ ልስብ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ከወንበሬ ወደ መሬት ወረድኩ። ቦሩ ጭነቱን ጥሎ ያዘኝ፤ እናቶቹም ከውስጥ ወጡ። ሐኪም ቤት ይወሰድ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔ አፌ ተሳስሮ ልብ አይደለም ማለት አቃተኝ። እንባዬ ደግሞ ያለ ፈቃዴ ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ሴት ቆሞ፣ ቦሩ ቆሞ።

ዲራሜ ጎንበስ ብላ እጄን አየች። ጣቶቼ ተኮማትረው ነበር። "ጣትህ ደንዝዟል? ከንፈርህም?" ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

"ተዉት፣ አትውሰዱት" አለች ለሌሎቹ። "እኔንም እንዲህ ያደርገኛል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ጥሎኝ ያውቃል።"

አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና አብራኝ ተነፈሰች። ቀስ ብሎ አለፈ። ቦሩ ጨርቁን አስገብቶ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ። አዴ ፋጡማ ወንበሬን ከበሩ አንስተው ራሳቸው ወደ ቤት አስገቡት። ዲራሜም ሌሎቹም አልተቃወሙም።

ያን ቀን ውስጥ ገብቼ የት ማየት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። አዴ ፋጡማ ተናገር አሉኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ልጄ ጆሮው አይሰማም ነው የምለው አልኩ። የሚወቅሱኝ መስሎኝ ነበር። አንዷ መሳቅ ጀመረች፤ ሌላዋ ተከተለች። የእኔስ ጥርስ እያወጣ ነው ስል አራት ዓመት ሞላው አለች አንዷ። ሌላዋ የባሏን ዘር ሁሉ አፉን ዘግይቶ የሚፈታ አድርጋዋለች። አዴ ፋጡማ ሳቃቸውን ጨርሰው፣ አብዱን ለዓመታት አዳማ አጎቱ ጋ ሆኖ ይማራል ይሉ እንደነበር ነገሩን። እሱ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ እሳቸው ሱቅ ለሚመጣው ሰው ሁሉ የትምህርቱን ደረጃ ይናገሩ ነበር። ይህን ሲሉ ማንም አልሳቀም።

ከእነሱ ብዙ ተማርኩ። የሰማሁትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ የእኔ ልጅ መንገድ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ናቲ ወፍጮ ቤት ሲያልፍ ጆሮው ውስጥ ጥጥ እናደርጋለን። ከምግብ በኋላ ሽንት ቤት ወስጄ አስቀምጠውና ሳላስቸኩለው እጠብቀዋለሁ፤ አሁን የሚታጠበው ሱሪ በጣም ቀንሷል። ቃል አልተናገረም፤ ግን የጆግ ሥዕል ወረቀት ላይ ሠርቼለት ውሃ ሲፈልግ እያነሳ ያሳየኛል። ቦሩ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ደውሎ ልጁ መኪና ይወድ እንደሆነ ጠየቀኝና ጋቢና አስገብቶን እስከ ከተማው ጫፍ ወስዶ መለሰን። ወገቤን ስለማመሜ አንድም ቀን አላነሳም።

እትዬ አስካለ ቤት ለመሄድ ግን ከሁሉ ይልቅ ከበደኝ። ሄጄ ናቲ ጆሮው ደህና እንደሆነ፣ እንዲያውም ከሰው በላይ እንደሚሰማ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስጮህበት እያየህ?" አሉኝ። ለጥቂት ቀን እኔን ሰላም አላሉኝም። ናቲን ግን አሁን በሹክሹክታ ነው የሚጠሩት፤ አንዳንዴ ይዞርላቸዋል።

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሞት እንዳልሆነም አውቃለሁ። ኀፍረቱም አልጠፋም። ገበያ ላይ ናቲ ሲጮህ አሁንም በጀርባዬ ላብ ይወርዳል፤ ልብስ ሳጥብ አሁንም አንዳንዴ ወደ በሩ አያለሁ። መሠረት እስካሁን ቅዳሜ አልመጣችም። እኔ ስመለስ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ "ዛሬ ምን አሉ?" ትለኛለች፤ ሁሉንም እስክነግራት ድረስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማኛለች። አላስገድዳትም። እኔም ከመጋረጃው ውጪ ጀምሬ ነው የገባሁት።

እንደኔ ጣትህ የሚደነዝዝ፣ ልጅህን የምትደብቅ ከሆንክ፣ መጀመሪያ ሐኪም ልብህን ይይልህ። ልብህ ደህና ከሆነ አትፈር ልልህ አልችልም፤ እኔም አፍራለሁ። ብቻህን ግን አትፈር።

ባለፈው ቅዳሜ የዲራሜ ባል ገልገሎ እንደ ልማዱ በፒካፑ አምጥቷት ደጅ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። እህል ነጋዴ ነው፤ ከመንገድ አውቀዋለሁ። አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም፤ ሞተሩንም አያጠፋም፤ አሁን ልሄድ ነው የሚል ሰው ይመስላል። ሴቶቹ ሄደህ አናግረው አሉኝ። ወጣሁና በመስኮቱ በኩል ሰላም አልኩት። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ሜጋ መንገድ አወራን። ልመለስ ስል መሪውን እያየ ጠየቀኝ።

"ልጅህ አባባ ይልሃል?"

"በፊት ይል ነበር። አሁን አይለኝም" አልኩት።

"የእኔም በፊት ይለኝ ነበር" አለ።

ከዚያ እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋው።